የመጀመሪያ ጠመንጃ በስንት ፈረሱላ?

ዛሬ ዋጋ አልለቅም፤ ትምህርት ነው። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው የገበያ ቀን እዚህ ገዘር ላይ ኮረሪማ እያስመዘንኩ ሳለ አንድ ልጅ ከአጎቱ ጋር መጣ። አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጀንፈሉን የሚያመጣው ለእኔ ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ሰው እስኪጨርስ ጠበቀና ወደ ጥግ ሳበኝ።

«ጋሼ፣ አንተ የሁሉንም ዋጋ ታውቃለህ። የመጀመሪያ ጠመንጃ ልገዛ ነው። ብዙ ብር የለኝም። ለኪሴ የሚሆነው የቱ ነው?»

እኔ የቡናና የእህል ደላላ ነኝ። የጠመንጃ ነገር አልነካም፣ ወደፊትም አልነካም። ግን ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አልነበረም። በቆሎውን ዝንጀሮ ጨርሶበታል፣ ማታ ማታ ደግሞ ከርከሮና ጃርት ይገባሉ። ዘንድሮ የአንድ ጎረቤቱ የቡና ማስቀመጫ ተሰብሯል። ይህን ሁሉ ነገረኝ። ሳይናገር የቀረው እኩዮቹ መያዛቸውን ነው፤ እሱን ከፊቱ አነበብኩት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ የዓለም የአረቢካ ዋጋም በ2017 አጋማሽ በፓውንድ ከ4 ዶላር ካለፈ ወዲህ፣ ብር ወደ ገጠር ገብቷል። ብር ሲገባ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሞተር ይገዛል፣ ከዚያ የጠመንጃ ወሬ ይመጣል። ይህ በእኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም።

ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ መጣ። ብሩ አይበቃውም። «የጎደለውን ቀብድ ስጠኝና የሚመጣውን ቡና ከአሁኑ ውሰድ» አለኝ። ቡናው ገና አበባውን ጥሎ ፍሬ መያዙ ነው። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፦ እንዲህ ያለ ቀብድ ለእኔ ትርፍ ነው። በአበባ የገዛሁት ቡና በጥቅምት ስንት እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቡ፣ ጸሐፊው ዝም ቢል ይጠቀም የነበረ ሰው መሆኑን ያዙልኝ።

ለልጁ ያወራሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልድገመው። ጠመንጃን በትንሽ ብር ስለመግዛት በዚህች አገር ትልቁ ትምህርት ያለው አንድ የቡና ነጋዴ ላይ ነው።

ሐረር የሄዳችሁ «ራምቦ ቤት» የሚባለውን ሙዚየም አይታችሁ ይሆናል። አርተር ራምቦ ፈረንሳይ ውስጥ ዝነኛ ገጣሚ ነው፤ ግጥሙን ግን ገና በወጣትነቱ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. ኤደን ለሚገኝ የቡና ንግድ ቤት ተቀጠረና ሐረር ገባ። ሥራው የእኛው ሥራ ነው፤ ቡናና ቆዳ መግዛት፣ ማስመዘን፣ ወደ ወደብ መላክ። በ1885 ግን የቡናውን ሥራ ትቶ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሊያቀርብ ላባቱ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተሻረከ። ያን ጊዜ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ሒሳቡን አስቀምጦታል። ዕቃው ከ40 ዓመት በፊት ከሠራዊት የወጣ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ቤልጅግ አገር ሊዬዥ ላይ ወይም ፈረንሳይ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል። ሸዋ ላይ የሚሸጠው ወደ 40 ፍራንክ ነው። ታዲያ አምስት እጥፍ! ማን የማይገባ አለ? እሱ ራሱም በመካከል ከባድ ወጪና የመንገድ አደጋ እንዳለ ጽፏል፤ ግን ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭነት ልኮ የሚያውቅ ሰው በደንብ ይገባዋል። ታጁራ ወደብ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ቆመ። ግመል አልተገኘም፣ የፈረንሳይ መንግሥት የመሣሪያ ንግዱን አገደ፣ ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ። ሌላ አብሮት ሊጓዝ የነበረ ነጋዴም ሞተ። በጥቅምት 1886 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ጭኖ ብቻውን ተነሣ። በረሃውን አቋርጦ አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሲደርስ ገዢው የለም። ምኒልክ ሐረርን ይዘው እየተመለሱ ነበር። እንጦጦ ሲገቡ ከምርኮው መካከል ሁለት የክሩፕ መድፎች ነበሩ። ራምቦ ይህን ቆሞ አይቷል። እስቲ አስቡት፦ አንተ አሮጌ ጠመንጃ ልትሸጥ አራት ወር ተጉዘህ መጥተሃል፣ ገዢህ መድፍ እያስጎተተ ይገባል። ገበያው እዚያው አለቀ ማለት ነው።

ምኒልክ ሁሉንም በጅምላ እንጂ በችርቻሮ መሸጥ አይቻልም አሉት። ካልተስማማህ በራስህ ወጪ ወደ ባሕር መልሰው ተባለ። ለጠቅላላው ጭነት 14,000 ማርትሬዛ ብር ቆረጡለት። ጥይቱን በነጻ ብንቆጥረው እንኳ አንዱ ጠመንጃ ከ7 ብር በታች ሆነ። ከዚያም ላይ ለግመል ኪራይና ለመንገድ ወጪ 2,500፣ የሟቹ ሸሪክ ዕዳ ነው ተብሎ ደግሞ 3,000 ተቀነሰ። የቀረውም በእጁ አልተሰጠም፤ ሐረር ላይ ራስ መኮንን እንዲከፍሉት ወረቀት ተጻፈለት። በኋላ ለፈረንሳይ ቆንስላ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ሁሉ እያለቀሰ ነው የዘረዘረው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «ምኒልክ ብልጥ ነበሩ» ብሎ ያልፈዋል። ብልጠት ብቻ አይደለም። ንጉሡ አልቸኮሉም፣ ሌሎች አቅራቢዎችም ነበሯቸው፣ ሻጩ ደግሞ ዕቃውን ይዞ መመለስ አይችልም። እኛም ወደ አዲስ አበባ የላክነው ጭነት መጋዘን በር ላይ ቆሞ ሾፌሩ የቀን ኪራይ ሲቆጥርብን እንደ ራምቦ ነን። የገበያ ጉልበት ማለት መጠበቅ መቻል ነው።

በነገራችን ላይ ይህን የምጽፈው ለማወደስ አይደለም። የአሪ ሽማግሌዎች ስለዚያ ዘመን የሚያወሩት ሌላ ነው። በርካሽ የተገዛው ነፍጥ ወደ ደቡብ ሲዘምት ገባርነትን ይዞ ነው የመጣው። እኔ እዚህ የማየው የግዢውን ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሌላው ሒሳብ ለሌላ ቀን።

ወደ ምርጫው ልምጣ። በአነስተኛ ብር የሚገዛ ሰው አሮጌ ዕቃ ነው የሚገዛው፤ ጥያቄው የትኛውን አሮጌ የሚለው ነው። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉትን ታውቁታላችሁ። ስሙ የፈረንሳይኛ ነው፣ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የመጣ። ፈረንሳይ ይህን ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊቷ አጸደቀች። በ1886 ደግሞ ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ አወጣች፤ እኛ ለበን የምንለውን። በአንድ ጊዜ መጋዘን ሙሉ ውጅግራ ሥራ ፈታ። ጠመንጃው አልተበላሸም፤ ባለቤቱ ነው የተሻለ ያገኘው። ራምቦ የጫነው ግን የ40 ዓመት ዕቃ ነበር፤ ዘመኑ ያለፈበት። ሁለቱም «አሮጌ» ይባላሉ፣ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። አንዱ ሀብታም ስለቀየረው ረከሰ፣ ሌላው ማንም ስለማይፈልገው ረከሰ። ዓድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ውጅግራ በብዛት ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጥይቱ ነው። ውጅግራ በአገራችን እንዲህ የተስፋፋው ጥይቱ በየቦታው ስለሚገኝ ነው። በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች፣ ማጂን ጨምሮ፣ የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ብር ያገለግል ነበር። አሞሌ ጨው በሚሠራበት ጎን ጥይትም ይሠራ ነበር ማለት ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው አጎቱ ሳቁና «እኛ ልጅ ሆነን ቀለሃውን እንኳ አንጥልም ነበር» አሉ። እንግዲህ ገንዘብ የሆነ ጥይት በሚገኝበት ገበያ ውስጥ ትክክለኛው ርካሽ ጠመንጃ ያን ጥይት የሚጎርሰው ነው። ጥይቱ የማይገኝ ጠመንጃ በነጻ ቢሰጥህም ዱላ ነው፤ ያውም ከባድ ዱላ።

እኔ ይህን የተማርኩት በጠመንጃ ሳይሆን በእርጥበት መለኪያ ነው። ሥራ ስጀምር ከዲፕሎማዬ በቀር ምንም አልነበረኝም። ከአንድ ሰው ያገለገለ የእርጥበት መለኪያ በአዲሱ ዋጋ ሲሶ ገዛሁ። ደስ አለኝ። ባትሪው የትም አይሸጥም፤ የሚያስተካክለው ባለሙያም የለም። በሁለተኛው ወር 11 እያለ ያነበበው ጀንፈል መጋዘን ሲደርስ ከ12 በላይ ሆነ። ጭነቱ ተመለሰ፣ እንደገና ማድረቅ፣ እንደገና ኪራይ። በዚያ ጭነት የከሰርኩት ሁለት አዲስ መለኪያ ይገዛ ነበር። ሲሶ ዋጋ ያልኩት ነገር ከሁለት አዲስ መለኪያ በላይ አስከፈለኝ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ለዝንጀሮና ለከርከሮ የሚሆነው፣ በሌላው ዓለም ገበሬ መጀመሪያ የሚገዛው፣ የአደን ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ውስጥ ብዙ ትንንሽ የእርሳስ ድቡልቡሎች አሉ፣ ሲተኮስ ይበተናሉ። በጣም ርካሹና ጥቂት ብልሽት ያለበት ባለአንድ አፉ፣ ከመካከሉ ተሰብሮ የሚጎርሰው ነው። ቁጥሩ 12 ሲባል ለምን እንደሆነ የሚዛን ሰዎች ትወዱታላችሁ፦ አንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡል ቢደረግ የአንዱ ስፋት የአፈሙዙ ስፋት ነው። አንዱ ወደ 38 ግራም ይሆናል። ስለዚህ 20 ቁጥር ከ12 ቁጥር ይጠብባል እንጂ አይበልጥም። ያገለገለ ሲገዛ የሚታየው አፈሙዙ ውስጡ ዝገት የበላው መሆን አለመሆኑ፣ ሲዘጋም ማጠፊያው መላላቱ ወይም አለመላላቱ ነው። የሚሠራበት ርቀት ደግሞ ከ35 ወይም ከ40 ሜትር አያልፍም። ዝንጀሮ ይህን ርቀት ከእኛ በላይ ይማራል። ሁለት ቀን ይሸሻል፣ በሦስተኛው ቀን 50 ሜትር ላይ ተቀምጦ ያይሃል።

ግን ቆይ። እኛ ገበያ ውስጥ ይህ ጠመንጃ እንደ በቆሎ ተደርድሮ አይሸጥም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መግዛትም፣ መሸጥም ክልክል ነው። «ሰው ሁሉ ይዟል» የሚለው ቃል ፖሊስ ጣቢያ ዋጋ የለውም። የዱር እንስሳ ላይ መተኮስም ለብቻው ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ማጎ ፓርክ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ነገሩን ቀላል አታድርጉት። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ የጠመንጃው ዓይነት ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ለእኔ ፈቃድ ይሰጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ አይሰጥም ከሆነ ወሬው እዚያው ያልቃል። ያለ ፈቃድ የተገዛ ዕቃ ለነጋዴ ሌላም ጉድ አለው፦ መልሰህ መሸጥ አትችልም። በሬ ቢጨንቅህ በገበያ ቀን ትሸጠዋለህ። የተደበቀ ጠመንጃ ግን ገዢው አንድ ነው፣ ዋጋውንም እሱ ነው የሚቆርጠው። ራምቦ መሆን ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ብዕር አውጥቼ ሒሳቡን ካርቶን ላይ ጻፍኩለት። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፣ የዛሬ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዙት። አንድ ፈረሱላ ጀንፈል በምርት ጊዜ 100 ያወጣል እንበል። በአበባ በቀብድ ሲሸጥ 60 ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ የእኔ ስጋትና የብሬ ወለድ እዚያ ውስጥ ተቆርጧል። የጎደለው ብር 1,200 ቢሆን፣ አሁን 20 ፈረሱላ ይሰጠኛል። እስከ ጥቅምት ቢታገሥ 12 ፈረሱላ ይበቃ ነበር። 8 ፈረሱላ በቀጭኑ ወደ እኔ ኪስ ገባ። በጠመንጃው በኩልም ያው ነው፤ ተደብቆ የሚገዛና የቸኮለ ሰው የተጠራለትን ዋጋ ይከፍላል። ቡናውን ሲሸጥ ቸኩሎ አጣ፣ ጠመንጃውን ሲገዛ ቸኩሎ አጣ። አንድ ሰው፣ በአንድ ሳምንት፣ ሁለት ጊዜ ራምቦ ሆነ።

ምኒልክም ቢሆኑ በብድሩ በኩል ሁልጊዜ አልቀናቸውም። ከውጫሌ ውል በኋላ ከኢጣሊያ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲመጣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር። የሐረር ጉምሩክ ማለት ያው ቡናው ነው። ንጉሥም ገበሬም መሣሪያ ሲፈልግ የሚያስይዘው ቡናውን ነው።

ልጁ ካርቶኑን ትንሽ አየና «ሌሊት የሚመጣውንስ ሰው ምን ላድርገው?» አለኝ። ይኸ ነው ከባዱ። ከዝንጀሮው ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈራው። መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። የማውቀውን ነገርኩት። የጎረቤቱ ቤት የተሰበረው ቡናውን ሸጦ ብሩን ቤት ባደረበት ሌሊት ነው። እኔ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቴሌብር ከመጣ ጀምሮ፣ ከአንድ ቀን ገበያ በላይ የሚሆን ጥሬ ብር ይዤ አላድርም፤ ደንበኞቼም ይህን እንዲያውቁ፣ ሌባውም እንዲያውቅ ጮክ ብዬ አወራዋለሁ። ቡናውንም ለየብቻ ከሚያስቀምጡ አራት አምስት ቤተሰብ ሆነው አንድ በር፣ አንድ ጠንካራ ቁልፍና አንድ ተራ ጠባቂ ቢኖራቸው ይሻላል። ማኅበር ያላችሁ ደግሞ ዘበኛ በማኅበሩ ስም በሕጋዊ መንገድ ቅጠሩ፤ ወጪው ለሁሉም ሲካፈል ትንሽ ነው።

አጎቱ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። ወደ ቆላው በእጃቸው አሳዩኝ። «እዚያ አንዱ ሲገዛ ሌላው ከብቱን ሸጦ ገዛ። ከዚያ ሁሉም ያዘ። አሁን ማን ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል?» አሉ።

የሚሉትን አውቃለሁ። በ1979 ዓ.ም. በኦሞ በኩል አንዱ ወገን ክላሽ ቀድሞ አገኘ። ሌላው አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነበረው። በአንድ ግጭት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ከሁለቱም ወገን ደንበኛ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ሌላው ወገንም ከብቱን እየነዳ ክላሽ ፍለጋ ወጣ። በቆላው ለብዙ ዘመን የጠመንጃ ዋጋ የሚቆጠረው በከብት ነበር። ድርቅ ሲመጣ ከብት ይረክሳል፣ ስለዚህ ጠመንጃው ይወደዳል። ረሀብና ፍርሃት አብረው በመጡበት ዓመት ሰው ብዙ ከብት ሰጥቶ አንድ ብረት ያመጣል። እኔ ዋጋ ስጽፍ ከዚህ የከፋ ልውውጥ አላየሁም።

ቀብዱን አልሰጠሁትም። ይህን ስል ደግ ሰው ለመምሰል አይደለም፤ ሌላ ደላላ ጋ ሄዶ ሊያገኝ እንደሚችል አውቃለሁ፣ ቡናውንም ላጣ እችላለሁ። ለኅብረት ሥራ ዩኒየን ሰዎች ግን አንድ ነገር ልበል። በሚያዝያና በግንቦት ገበሬው እጁ ባዶ በሆነበት ጊዜ ትንሽ ብድር ብታዘጋጁ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ቡናውን በአበባ ይዞ ወደ እኔ አይመጣም። እናንተ በጥቅምት «ቡናው የት ሄደ?» ብላችሁ ስትጠይቁ እኛ በሚያዝያ ወስደነዋል።

ትናንት አጎቱ ደወሉልኝ። ከአራት ጎረቤት ጋር በቆሎው መካከል ከፍ ያለ ማማ ሠርተው፣ ልጆቹ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ተራ ገብተዋል፣ ሁለት ውሻም አመጡ። ዝንጀሮው ቀንሷል፤ ከርከሮው ግን አሁንም ሌሊት ይገባል። ልጁስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጂንካ ሄዷል፣ ስለ ፈቃዱ ሊጠይቅ ነው አለኝ» አሉኝ። ቀብድ ከሌላ ሰው መውሰድ አለመውሰዱን አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

የሰኞ የጀንፈል፣ የኮረሪማና የበቆሎ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለቀቃል።